ዐይናማና ደንቆሮ፦ አካል ጉዳት፣ ትምህርትና ሕግ በኢትዮጵያ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከሁለት ቃላት ነው። በቅኔ ቤት በትምህርቱ የጠለቀ፣ ምስጢር የሚፈታ ሊቅ «ዐይናማ» ይባላል። ቃሉ የሚመለከተው የልቡናን ዐይን ስለሆነ፣ ማየት የተሳነው ሊቅም ስሙን አይነፈግም። «ደንቆሮ» ደግሞ ቀድሞ ጆሮው የማይሰማን ሰው የሚያመለክት ቃል ነበር፤ ዛሬ ያልተማረንና የማያስተውልን ሰው መስደቢያ ሆኗል። «ድንቁርና» ሲባል ስለ ጆሮ የሚያስብ ከመካከላችን ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንደኛው ጉዳት ከሊቅነት ሳያግድ፣ ሌላው የመሃይምነት ስም እስከ መሆን የደረሰው ስለ ምን ነው? መልሱን በዐይንና በጆሮ ተፈጥሮ ውስጥ አናገኘውም። የሚገኘው በትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ ውስጥ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤትን አሠራር እናስታውስ። ፊደል መቁጠርና ዳዊት መድገም ዐይን ይጠይቃሉ። የቃል ትምህርት ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ከመሸ በኋላ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ በሚያይና በማያይ ተማሪ መካከል ልዩነት የለም። ዜማም በጆሮ የሚገባ ነው። ቅኔውንም ተማሪው በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ያሳርማል። ማየት የተሳናቸው ልጆች ለዘመናት አኰፋዳ አንግተው ከደብር ደብር ሲዞሩና መሪጌታ እስከ መሆን ሲደርሱ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። መምህራኑ ለእነርሱ የተለየ ሥርዓት አልዘረጉም፤ ነባሩ ሥርዓት ራሱ በጆሮና በቃል ላይ የቆመ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ማሳመር አይገባንም። ያው ቤት ለማይሰማው ልጅ ዝግ ነበር። ፊደሉ በዐይን ቢታይም፣ የሚቆጠረው በድምፅ ነው። ድምፁን ያልሰማ ልጅ ከመጀመሪያው ገበታ ወጣ፤ ሳይማርም ቀረ፤ አለመማሩም ከጆሮው መደንቆር ጋር አንድ ስም ወጣለት። ዛሬ በስድብነት የምንጠቀምበት ቃል ያንን መገፋት ይዞ ኖሯል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሚዛኑ ተዘበራረቀ። ጥቁር ሰሌዳና የታተመ መጽሐፍ ዕውቀትን ወደ ዐይን ወሰዱት፤ በአብነት ቤት ቦታ የነበረው ማየት የተሳነው ልጅ አዲስ መግቢያ አስፈለገው። በሰበታ የተከፈተውን መርሐ ዕውራንን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ያንን መግቢያ በብሬል ከፈቱ። የአማርኛ ብሬል ፊደላችንን ተነባቢና አናባቢ ብሎ ለየብቻ በነጥብ ይጽፋል። ለማይሰሙት ደግሞ የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ተበጀ፤ ተነባቢውን በእጅ ቅርፅ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ሆሄያት በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ለብዙ ዘመን በድምፅ ብቻ የተቆጠረው «ሀ ሁ ሂ» በእጅ ሊቆጠር ቻለ።

እኔ የምኖረው ቄራ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ መካኒሳ ላይ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ይገኛል። ቄራ ታክሲ መያዣ ላይ ረዳቶች መድረሻውን በጩኸት ይጠራሉ። ማየት የተሳነው መንገደኛ በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰምቷል፤ የማይሰማው ግን ታፔላውን ፈልጎ ማንበብ አለበት። ጥቂት እርምጃ አልፈው ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ሲገጥማቸው ነገሩ ይገለበጣል። ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሁለቱም ይገባሉ፤ በዊልቸር የመጣው ሦስተኛው ሰው ውጭ ይቀራል። በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ የማናቸውም አካል አልተለወጠም። የተለወጠው ቦታው የሚጠይቃቸው ነገር ነው።

ሕጋችን ይህን ለመናገር ጊዜ ወስዶበታል። ሦስት ትርጓሜዎችን በተከታታይ እንመልከት። የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅትን የመሠረተው ትእዛዝ ቁጥር 70/1963 ጉዳተኛን የገለጸው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት መተዳደሪያውን ማግኘት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው አድርጎ ነበር፤ በዕድሜ ማነስ ወይም በእርጅና ሠርቶ ማደር የማይችለውንም እዚያው ጨመረ። በዚህ አነጋገር ጉዳት ማለት ጥገኝነት ነው። አዋጅ ቁጥር 101/1986 ፊቱን ወደ አካሉ መለሰ፤ ማየት፣ መስማት፣ መናገር የተሳነውን፣ እጅ እግሩ የተጎዳውን፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ዘረዘረ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ግን ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ አድልዎ ጋር ተያይዞ እኩል የሥራ ዕድል ያሳጣውን ሰው አካል ጉዳተኛ አለው። በመግቢያውም፣ ቀድሞ ለጉዳተኞች የሥራ መደብ ለይቶ ማስቀመጡ በችሎታቸው መሥራት የማይችሉ አስመስሏቸው እንደነበር ገለጸ። የችግሩ ከፊል ከሰውየው ውጭ መሆኑን በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የምናነበው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ስለ ትምህርት በሚናገርበት አንቀጹ ብሬልንና የምልክት ቋንቋን በስም ይጠራል።

የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ማየት ተሳናት፤ ሻሸመኔ በሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ማየት ባትሳን ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት እንደነበር በአደባባይ ተናግራለች። ይህን ታሪክ የአንዲት ሴት ጽናት ብቻ አድርገን ካነበብነው ትምህርቱን እናጣዋለን። ጽናቷ የሚያርፍበት፣ በጣት የሚነበብ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት አግኝታለች። ያንን ያላገኙ እኩዮቿ ጽናት አንሷቸዋል ማለት አይቻልም።

ይህን ስል ሕመምን ወይም የአካልን ሸክም እያቃለልሁ አይደለም። አንዳንዱን ሥቃይ የትኛውም ሕንፃ ወይም ሥርዓተ ትምህርት አያስቀርም። ነገር ግን አንድ ተማሪ በክፍላችን ወደ ኋላ ሲቀር ዘወትር የምንመረምረው ተማሪውን ነው፤ ትምህርቱ በምን ላይ እንደ ቆመ አንጠይቅም። በመጪው መንፈቅ የኮርስ ዕቅድ የምናዘጋጅ መምህራን ሦስት ነገሮችን አስቀድመን እንመልስ፦ ማንበቢያው በድምፅ ወይም በብሬል ይገኛልን? ለማይሰማው ተማሪ አስተርጓሚ ተመድቧልን? ፈተናው የሚሰጥበት ፎቅ በዊልቸር ይደረስበታልን? እነዚህ ጥያቄዎች ተማሪው ከተመዘገበ በኋላ የሚነሡ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፈውታል።