የአምባሰል ቅኝትና የዶክትሬት ጥያቄ

አምባሰል ሲባል ገሚሱ ሰው ተራራው ነው የሚታየው፤ ገሚሱ ደግሞ ዘፈኑ ነው የሚሰማው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሲጓዙ መጀመሪያ የሐይቅ ከተማና ውሃው፣ ከዚያም ውጫሌና የአምባሰል ተራሮች ይመጣሉ። በዚሁ አካባቢ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ቅኝትም አለን። ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ ቅኝት ይጀምራል፦ አምባሰልን በመሰንቆ አብጠርጥሮ የሚጫወት ሰው በጨዋታው ብቻ «ዶክተር» ሊባል ይችላል? ወይስ ማዕረጉ የሚገባው ስለ አምባሰል ሦስት መቶ ገጽ ለጻፈው ብቻ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያው አምስት ድምፅ፣ ሌላ ዘፈን

በተለምዶ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይቆጠራሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ልብ ይሏል። አምባሰልን ፒያኖ ላይ ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይሆናል። አሁን ደግሞ ትዝታ ማይነር የሚባለውን ከፋ እንጀምረው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል። እስቲ ሁለቱን ያስተያዩአቸው። ያው አምስቱ ድምፆች ናቸው!

ታዲያ የወሎ ሰው ሁለቱን እንዴት አይቀላቅላቸውም? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ይለያያል። ይህንን ወረቀት ላይ መጻፍ ይቻላል። የቀረው ግን ይከብዳል። የመሰንቆ አንዲት የጭራ ክር እንደ ፒያኖ በ12 እኩል ክፍል አልተከፋፈለችም። ጣት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ድምፁ ይለወጣል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ከአንዱ ድምፅ ወደሌላው የምትሸጋገርበት መንገድ፣ ድምፁን የምታርገበግብበትና የምታዘገይበት ቦታ በአምስቱ ድምፆች ዝርዝር ውስጥ የለም። አድማጭ «ይሄ ነው አምባሰል!» የሚለው ግን በአብዛኛው በዚያ ነው።

አምባሰል ትርጉም ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ በደንብ ያውቃል። በ1889 ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የሚፈቅድ፣ በጣሊያንኛው የሚያስገድድ ሆኖ ተገኘና እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። ዜማን ወደ ኖታ ማስገባትም ትርጉም ነው። ጦር ባያማዝዝም የሚጥለው ነገር አይጠፋም።

የሐይቅ ትምህርት ቤት

ማወቅንና መሥራትን ለያይቶ ማየት በዚህ አገር የቆየ ልማድ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ 1248 አካባቢ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ የምንኩስና ማኅበርና ትምህርት ቤት አቆሙ። በገድሎቹ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ከተማሩት መካከል ናቸው። በ1280/81 ለገዳሙ የተሰጠው አራቱ ወንጌል የራሳቸውን የኢየሱስ ሞዐን ሥዕል ይዟል። ዓመቱ የታወቀ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ታሪክ ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ ነው። ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መጻፍና መሣል ከማንበብና ከመተርጎም ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ነገሮች ነበሩ።

የዜማ ቤቱን ደግሞ ይመልከቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ ከታወቀ የዜማ ሐረግ ቃል የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ፊደሉ ያንን ሐረግ ያስታውሳል እንጂ ድምፁን አይነግርም። ስለዚህ ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ሊያዜም አይችልም። ጽሑፉ የተሠራው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ተማሪው ድጓን ከዘለቀ በኋላ ወደ ቤተልሔም ሄዶ «ያስመሰክራል»። መምህሩ ፊት ቀርቦ አዚሞ፣ ተጠይቆ፣ ታርሞ ካለፈ ማስተማር ይፈቀድለታል። ልብ ብለን ካየነው ይህ የዶክትሬት ፈተና ቅርጽ ነው፦ ረጅም ዓመት፣ አንድ መምህር፣ በምስክር ፊት መቅረብ፣ የማስተማር ፈቃድ። ልዩነቱ፣ ተፈታኙ ስለ ድጓ የጻፈውን ሳይሆን ድጓን ራሱን ይዞ መቅረቡ ነው።

አሸናፊ ከበደና ሁለቱ ሥራዎቻቸው

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ነገሩ ተከፈለ። አሸናፊ ከበደ (1938–1998) አቀናባሪ ነበሩ፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የእሳቸው ነው። በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1971 ደግሞ ከዌዝሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ባቀረቡት ጥናት ፒኤችዲያቸውን አገኙ። ጥናቱ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ዲግሪው የተሰጠው ለጽሑፉ ነው፤ ኦርኬስትራና ዋሽንት አንድ ላይ ያሰማው ሙዚቃቸው በሌላ መዝገብ ቀረ።

ለአርቲስቶቻችን የሚደርሳቸው ዶክትሬት በአብዛኛው የክብር ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ2012 ከበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተሰጥቷቸዋል። የክብር ዶክትሬት ምስጋና ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን «ምን አገኘህ? እንዴት አገኘኸው? ለሌላው እንዴት ታስተላልፈዋለህ?» ብሎ አይጠይቅም። የምርምር ዲግሪ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ሌላው ዓለም የት ደረሰ?

ክርስቶፈር ፍሬይሊንግ በ1993 እንግሊዝ ውስጥ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለዩ፦ ስለ ጥበብ የሚደረግ ምርምር፣ ለጥበብ የሚደረግ ምርምር፣ በጥበብ አማካይነት የሚደረግ ምርምር። ክርክሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ስዊድን በ2010 የኪነ ጥበብ ዶክትሬት የተባለ የራሱ ዲግሪ ፈቀደች፤ ኖርዌይም በ2018 በኪነ ጥበባዊ ምርምር ፒኤችዲ ጀመረች። በእነዚህ ቦታዎች ኮንሰርቱ ወይም ኤግዚቢሽኑ የመመረቂያው ዋና አካል ነው፤ ተማሪው ግን የሄደበትን መንገድ ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል መልክ መግለጥ አለበት።

ተቃዋሚዎችም ቀላል ጥያቄ አይደለም የሚያነሡት። ጥሩ መጫወት ሁሉ ምርምር ከሆነ የማዕረጉ መለኪያ ምንድን ነው? አዝማሪውስ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ካላገኘ ዕውቀቱ ሊናቅ ነው?

ስጋቱ እውነተኛ ነው። እኔ ግን መልሱን ከራሳችን ዘንድ የምናገኝ ይመስለኛል። አንድ ተማሪ «በአምባሰልና በትዝታ ማይነር መካከል ያለው ልዩነት በመሰንቆ ጣት ላይ የት ነው?» ብሎ ተነሣ እንበል። ከአንድ ባለመሰንቆ ሥር ቁጭ ብሎ ለዓመታት ይማራል፤ የተማረውን ይቀርጻል፤ የድምፁን ከፍታ በኮምፒውተር ይለካል፤ የተሳሳተበትንና የታረመበትን ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ጽሑፉንም ጨዋታውንም ይዞ ይቀርባል። ፈታኞቹ መካከል ደግሞ ያ ባለመሰንቆ፣ ወይም እንደሱ ያለ ሌላ ባለሙያ፣ ድምፅ ኖሮት ይቀመጣል። «አላለፈም» ካለ አላለፈም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለዩኒቨርሲቲ ደንብ ይከብዳል። ፈታኝ ለመሆን ዲግሪ ያስፈልጋላ! ግን ካልተደረገ የሚሆነውን አስቡት፦ ሃምሳ ዓመት አምባሰልን የተጫወተ ሰው ያርፋል፤ የሚቀረው የአምስት ድምፆች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ደግሞ ማንም ሰው ትዝታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያስመሰክሩ መምህራን ያሉበት አገር ነው፤ ፈተናውን ከእነሱ መማር ይቻላል።