አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚጠየቅባቸውን ዋጋ ያወጣሉ? ከመክፈል በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

የቸሃ ወረዳ ማዕከል በሆነችው እምድብር ከተማ እንደ ሌሎቹ የጉራጌ ዞን ከተሞች ሁሉ የገጠሩ ሕዝብ ጉዳይ በኮምፒውተር ውስጥ ማለፍ ከጀመረ ሰንብቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት ዝርዝር፣ የማዳበሪያ ጥያቄ፣ የዕጣና የቁጠባ መዝገብ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በኮምፒውተር ይጻፋል፣ ይታተማል፣ በፍላሽ ይዞራል። በዚህ ሥራ መካከል ገንዘብ የሚጠይቁ አነስተኛ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ አማርኛ ያስጽፋል፤ ሌላው ቫይረስ ይከላከላል፤ ሌላው የጠፋ ፋይል እመልሳለሁ ይላል፤ ሌላው ደግሞ የደከመውን ኮምፒውተር አፈጥናለሁ ይላል።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፣ አስኪዶ፣ የመጣበትን ጠይቆ ነው ገንዘብ የሚቆጥረው። ፕሮግራም የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይሞክር ይከፍላል፤ አለዚያም ያልተከፈለበትን ከፍላሽ ገልብጦ ይጭናል። ሁለቱም ኋላ ላይ ያስከፍላሉ። ይህ ጽሑፍ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ዋጋውን ማውጣት አለማውጣቱ እንዴት እንደሚመዘን ያብራራል።

የመጀመሪያው ስሌት፦ የሚቆጥበው ጊዜ

የአንድ አጋዥ ፕሮግራም ጥቅም በአብዛኛው የሚለካው በሚያተርፈው የሥራ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚከፈላት የማኅበር ጸሐፊ በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሠራ፣ የአንድ ሰዓት ሥራዋ 34 ብር ገደማ ይሆናል። 1,500 ብር የሚሸጥ ፕሮግራም በየቀኑ 10 ደቂቃ ቢያተርፍላት፣ በወር 125 ብር ያህል ያድናል ማለት ነው። በ12 ወር ዋጋውን ይመልሳል። ያው ፕሮግራም በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግና 10 ደቂቃ የሚያተርፍ ከሆነ ግን ዋጋውን ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈልጋል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ምን ያህል ነገር እንደሚሠራ ሳይሆን ገዢው በምን ያህል ጊዜ አንዴ እንደሚገለገልበት ነው በቅድሚያ መታየት ያለበት። ሻጮች የሚዘረዝሩት ብዙ ተግባር ቢሆንም፣ ተጠቃሚው ከዝርዝሩ የሚፈልገው አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መመዘኛ፦ ያለ ፕሮግራሙ የሚቀረው ሥራ

ጊዜ ቆጣቢ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። በፕሮግራሙ የተሠራው ሥራ፣ ፕሮግራሙ ከሌለ በኋላ ሊከፈትና ሊነበብ መቻል አለበት። ለዚህ የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒውተር ያለፈበት መንገድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ቀድሞ የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ፊደል የሚያኖሩት ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ ደግሞ 256 ብቻ ስለሆነና የግዕዝ ፊደል ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች መከፋፈል የተለመደ ነበር። እያንዳንዱ አምራችም የራሱን አደላደል ይከተል ነበር። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይታያል።

ችግሩን የፈታው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል አሰያየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታዎችን መደበ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር ስላለው፣ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተርም ሆነ በስልክ ይነበባል። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ በአገር ውስጥ በስፋት የታወቁ መጻፊያዎች ቢሮዎችን ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ፓወር ግዕዝም በኋለኛው እትሙ የዩኒኮድ ፎንት አካትቷል። ሆኖም በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ።

ጉዳዩ ለገጠሩ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። የአባላት የዕጣ መዝገብ በቀድሞ ፎንት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ቢበላሽና ፎንቱ ባይገኝ፣ ማን ስንት እንደከፈለ የሚያሳየው ዝርዝር በፋይልነት ቢኖርም አይነበብም። ስም በስም፣ ብር በብር እንደገና ከወረቀት መልቀም ግድ ይሆናል። ወረቀቱም ከሌለ የአባሉ መብት በምስክር ቃል ላይ ይወድቃል።

አንድ መጻፊያ በዩኒኮድ መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው። ሁለት መስመር ጽፎ፣ ጽሑፉን ገልብጦ በቴሌግራም ወደ ስልክ መላክ ይበቃል። በስልኩ ላይ በአማርኛ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ምልክት ከተለወጠ አይደለም።

አማርኛና ጉራጊኛ መጻፊያ

ለአማርኛ መጻፊያ ብቻ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ነፃ የሆኑትን መሞከር ይገባል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ካቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንትና አማርኛ ማስገቢያ አብሮ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ በመጡት እትሞችም የአማርኛን የፊደል ገበታ ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ መጨመር ይቻላል። ኪይማን የተባለው መጻፊያም ቀድሞ በገንዘብ ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ ኤስ አይ ኤል ወደተባለው ድርጅት ከተዛወረ በኋላ በነፃ የሚሰጥ ሆኗል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ የተባሉት ፎንቶችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የሚከፈልበት መጻፊያ ዋጋውን የሚያወጣበት ሁኔታ የለም ማለት ግን አይደለም። ለዓመታት የለመዱትን የቁልፍ አቀማመጥ መቀየር ፈጣን ጸሐፊን ለሳምንታት ያዘገያል። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ለሚውል የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይህ መዘግየት ከፕሮግራሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በቀን አንድ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ግን ነፃው ይበቃዋል።

ለእምድብርና ለአካባቢዋ ሌላ ጥያቄም አለ፤ ፕሮግራሙ ጉራጊኛ ይጽፋል ወይ? ቸሃን ጨምሮ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት። ቋንቋው በግዕዝ ፊደል መጻፉም አዲስ ነገር አይደለም፤ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ዩኒኮድ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 4.1 እትም እንደ ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ እና ⷀ፣ ⷈ፣ ⷘ ያሉትን የሰባት ቤት ፊደሎች አካተተ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14.0 እትም ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ተጨማሪ ፊደሎች ተመደቡ።

ይህ በዩኒኮድ መመደብ ብቻ ነው፤ ፊደሉ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲታይ ፎንቱም መያዝ፣ መጻፊያውም ማስገባት አለበት። የማይዝ ፎንት በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ስለዚህ በጉራጊኛ ለመጻፍ ፕሮግራም የሚገዛ ትምህርት ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ከላይ የተጠቀሱትን ፊደሎች ሻጩ ፊት ጽፎና አትሞ ማየት አለበት። ሳጥን ካሳየ አማርኛን የቱንም ያህል ቢያሳምር ለታሰበለት ሥራ አይሆንም።

ቫይረስ መከላከያ

በፍላሽ ብዙ ፋይል በሚዞርበት ቦታ ቫይረስ እውነተኛ ስጋት ነው። ይሁን እንጂ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ መከላከያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ለተጨማሪ መከላከያ መክፈል ከመታሰቡ በፊት አብሮ የመጣው መብራቱንና መታደሱን ማረጋገጥ ይቀድማል።

የመከላከያ ፕሮግራም ዋጋ ያለው በየጊዜው በሚመጣለት እድሳት ነው። ኢንተርኔት በወር አንድ ጊዜ የሚያገኝ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ውድ መከላከያ፣ አዲስ የመጣውን ቫይረስ ሳያውቅ ወሩን ይከርማል። እንዲህ ላለው ቢሮ የፕሮግራሙን ገንዘብ ለኢንተርኔት ጥቅል ማዋሉ የበለጠ ይጠቅማል። ዊንዶውስ 10 ነፃ እድሳቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱም ሊታወስ ይገባል፤ መከላከያ መግዛት የዊንዶውሱን እድሳት አይተካም።

ኮምፒውተር አፍጣኝና ፋይል መላሽ

ኮምፒውተር አፈጥናለሁ የሚሉ ፕሮግራሞች ከሚከፈልባቸው ሁሉ በአብዛኛው ዋጋቸውን የማያወጡ ናቸው። የሚሠሩት አላስፈላጊ ፋይል ማጽዳትና ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች መቀነስ ሲሆን፣ ሁለቱንም ዊንዶውስ ራሱ ያለ ክፍያ ያደርጋል። ያረጀ ኮምፒውተር የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ራሙ ስላነሰ ወይም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስላለው ነው። ይህን ደግሞ ራም መጨመርና ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መቀየር እንጂ ፕሮግራም አይፈታውም።

የጠፋ ፋይል መላሽ ግን ለየት ይላል። በሕይወት ዘመን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ የጠፋው የማኅበሩ ሒሳብ ከሆነ የሚያድነው ከዋጋው እጅግ ይበልጣል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሊመለስ የሚችለውን ፋይል በነፃ ያሳዩና ክፍያውን ለመመለሱ ይጠይቃሉ። ፋይሉ ታይቶ፣ ተከፍቶ ካልተነበበ በስተቀር አለመክፈል ነው። ፕሮግራሙንም ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ መጫን አይገባም፤ በጠፋው ፋይል ቦታ ላይ ሊጻፍ ይችላልና። ከሁሉ የሚሻለው ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የመዝገቡን ቅጂ በየሳምንቱ በሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ፍላሹን ከኮምፒውተሩ በተለየ ቤት ማኖር ነው።

ፋይል ለማጠፍም ሆነ ፒዲኤፍ ለማዘጋጀት ብቻ መክፈል አስፈላጊ አይደለም። ዚፕ ፋይልን ዊንዶውስ ራሱ ይከፍታል፤ ሰቨን ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ራርን ይፈታል። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ሰነድን ወደ ፒዲኤፍ ይለውጣል።

የማኅበር ሒሳብ ፕሮግራም

በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የሚሠሩ የዕጣ፣ የቁጠባና የብድር መዝገብ ፕሮግራሞች ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የሚይዙት የሰው ገንዘብ ነውና። እዚህ ላይ የሚታየው የመጀመሪያ ነጥብ መዝገቡ በሙሉ ወደ ኤክሴል መውጣት መቻሉ ነው። የማያወጣ ከሆነ ማኅበሩ የራሱን መዝገብ ለማግኘት እንኳ የፕሮግራሙ ባለቤት ጥገኛ ይሆናል። ባለሙያው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ማን እንደሚጠግነው፣ ሥልጠናና ጥገና በዋጋው ውስጥ መካተታቸው በውል ሊሰፍር ይገባል። ከመግዛት በፊት የአንድ ወር እውነተኛ ሒሳብ አስገብቶ ከእጅ መዝገቡ ጋር ማመሳከርም ይረዳል።

ዋጋው የተጻፈው ብቻ አይደለም

አንዳንድ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ይዘለቃል፤ ሌላው በየዓመቱ ይከፈልበታል። በዓመት 800 ብር የሚጠይቅ ፕሮግራም በአምስት ዓመት 4,000 ብር ነው። በዶላር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ የምንዛሪው ለውጥ ይጨመርበታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ዋጋው በዶላር ሳይለወጥ በብር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ፈቃዱ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ወይስ ለብዙ መሆኑም መጠየቅ አለበት።

ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ የሚዞር ፕሮግራም ነፃ ይመስላል። ነገር ግን ቁልፍ መስበሪያው ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በብዙ ጊዜም ቫይረስ መከላከያውን አጥፉ ብሎ ይጀምራል። በሕግም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ነፃ አማራጭ ባለበት ይህን አደጋ መውሰድ ትርፍ የለውም።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ

ባጭሩ ገዢው ለሚከተሉት መልስ ሊኖረው ይገባል፦

- ሥራውን ዊንዶውስ ራሱ ወይም ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል?
- በሳምንት ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? ስንት ደቂቃ ያተርፋል?
- ከመክፈል በፊት በራስ ኮምፒውተርና በራስ ፋይል መሞከር ይቻላል?
- የተሠራው ሥራ ያለ ፕሮግራሙ ይከፈታል?
- ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?
- ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? በብር ነው ወይስ በዶላር?
- ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?

ከእነዚህ መካከል ከሁሉ በላይ የሚከብደው አራተኛው ነው። በውድ የተገዛ ነገር ገንዘብ ብቻ ያባክናል። መዝገቡን ቆልፎ የሚያስቀር ፕሮግራም ግን በነፃ ቢገኝም የአባላቱን ማስረጃ ይዞ ይጠፋል። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ያላቸው ማኅበራትና ጽሕፈት ቤቶችም ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር በሥራ ላይ እያለ ሰነዱን አትመው ማኖርና ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይጠበቅባቸዋል።