የጥበብ ሚዛን

በፊዚክስ ደብተሮቻችን ውስጥ ከማይጠፉት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «አንድ ጌጥ በአየር ላይ ይህን ያህል፣ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ደግሞ ያን ያህል ይመዝናል። ከምን የተሠራ ነው?» ብዙው ተማሪ ፎርሙላውን ፈልጎ ቁጥሩን ይተካና መልሱ ከጓደኛው ጋር ከተስማማ ገጹን ገልጦ ያልፋል። ይኸው ጥያቄ ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት በመርው ከተማ የአማና ጉዳይ ነበር።

መርው ዛሬ በቱርክሜኒስታን ምድር ፍርስራሽዋ የሚታይ ከተማ ናት። በዚያን ዘመን የሰልጁቁ ሡልጣን ሰንጀር መናገሻ ነበረች። ታሪክ ጸሐፊው አል-በይሀቂ እንደዘገበው፣ አል-አስፊዛሪ የተባለ ሊቅ ወርቅ ንጹሕ ይሁን የተቀላቀለ የሚለይ ሚዛን ብዙ ደክሞ ሠራ። የሡልጣኑ ግምጃ ቤት ኃላፊ ግን የራሱ ማጭበርበር እንዳይገለጥበት ሰግቶ ሚዛኑን ሰባበረው። ሊቁም ይህን ሲሰማ በሐዘን ታሞ ሞተ።

ሥራው ግን አብሮት አልሞተም። ከሩም ወገን የሆነና በባርነት ወደ መርው የመጣ፣ ጌታው ያስተማረው ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒ ሚዛኑን እንደገና አቆመው። በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1121/22) «ኪታብ ሚዛኑል ሒክማ» የተሰኘውን መጽሐፉን ጽፎ ለሰንጀር አበረከተ። በመጽሐፉም የአስፊዛሪን፣ የአል-ቢሩኒን፣ የዑመር አል-ኸያምን፣ ከእስልምና በፊት የነበረውንም ግሪካዊ የአርኪሜድስን ድርሻ ለየባለቤቱ ሰጥቷል። ዕውቀት ከማንም ቢመጣ ባለቤቱን መካድ እርሱም ሚዛን ማጉደል ነውና።

የሚዛኑ ምሥጢር ይህ ነው። ውሃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ የጠለቀን ዕቃ ከላይ ወደ ታች ከሚገፋው ይልቅ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ይበረታል። በዚህም ዕቃው የሚያጣው ክብደት ቦታውን ከለቀቀለት ውሃ ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። ወርቅ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ 19.3 ጊዜ ያህል፣ ብር ደግሞ 10.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል። እንግዲህ 100 ሚስቃል የሚመዝን ጌጥ ንጹሕ ወርቅ ከሆነ ውሃ ውስጥ 5.2 ሚስቃል ያህል ያጣል፤ ብር ከሆነ 9.5 ያህል። ያጣው 7.35 ቢሆንስ? የሁለቱ አማካይ ስለሆነ፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ብር ነው። ጌጡ ሳይቀልጥ፣ ሻጩም ሳይምል፣ ውሃው ምስክርነቱን ሰጠ ማለት ነው።

ሱረቱ አር-ረሕማን የሰማይን ከፍ መደረግ ባወሳበት ሥፍራ ሚዛንንም አውስቶ እርሱን ከማጉደል ይከለክላል። ይህን የምናነብ ሰዎች፣ ልጆቻችን ስለ ጉልበትና ስለ ግፊት ሲማሩ ከዲን የራቀ ነገር እንደያዙ አድርገን ማየት አይገባንም። በቀደሙት ሊቃውንት ስም መኩራትም ብቻውን አይበቃም። እነርሱ መዝነው፣ ቆጥረው፣ የሌላውንም ሥራ ፈትሸው ነው ሊቃውንት የሆኑት። መልስ ከጎረቤቱ ገልብጦ ማርክ የሚያገኝ ተማሪና ዝም ብሎ የሚያልፈው አስተማሪ ከአል-ኻዚኒ ይልቅ ለዚያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይቀርባሉ። እርሱ ሚዛኑን ሰበረ፤ እነርሱ ደግሞ ሚዛኑ እንዳይሠራ አደረጉ።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን «ስንት አገኘህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እንዴት አወቅህ?» ይበለው። አላህ (ሱ.ወ.) በንግግርም በሥራም ሚዛናቸውን ከሚያስተካክሉት ያድርገን፤ አሚን።