የድብድብ ስያሜዎች

ድብድብ፦ በሕዝብ ልሳን እንደ አመታቱና እንደ ተደባዳቢው ብዛት ልዩ ልዩ ስም የሚሰጠው የእጅ ጠብ ነው። በጋይንቷ ከተማ በንፋስ መውጫም ሆነ በሌላው የአማርኛ አገር፥ በመዳፍ የተመታው ጥፊ፥ በተጨበጠ እጅ የተሰነዘረው ቡጢ፥ በታጠፈ ጣት አንጓ አናት ላይ የሚያርፈውና ሕፃናትን እንባ የሚያስቀርረው ኩርኩም ሲባል፥ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲተናነቁ ግብግብ፥ ብዙዎች ሲደባለቁበት አምባጓሮ ይሰኛል። በግንባር መግጨትን የሚያመለክተው ቴስታና በእግር መምታትን የሚገልጸው ካልቾ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የጋይንት ገበሬ ለመንገድና ለከብት የሚይዘው ዱላ የተነሣበት ጠብ ነው፤ ገላጋይ ፈጥኖ ካልደረሰ ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳልና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአካልም ሆነ በጤና ላይ ጉዳት ያላደረሰውን መማታት «የእጅ እልፊት» ብሎ ለይቶ ይቀጣዋል።