በሣጥን ላይ የተጻፈ ዕድሜ

በአሜሪካ አገር በቪዲዮ ጌም ሣጥን ላይ የልጅ ዕድሜ መጻፍ የተለመደው፣ ደም የሚረጭበት «ሞርታል ኮምባት» በ1993 እ.ኤ.አ. በሴኔት ፊት ካከራከረ በኋላ ነው። በ1994 የጌም ኩባንያዎች መዳቢ ቦርድ አቆሙ፤ አውሮፓም በ2003 ጨዋታውን 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 ብላ በዕድሜ ከፈለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ ይህ ቁጥር የተጻፈው ለልጅ ሳይሆን ለወላጅ ነው። በአንኮበር የገና ጨዋታ ዱላ ያለበት ብርቱ ጨዋታ ቢሆንም በሜዳ ነውና ወላጅ ያየዋል። የደብረ ብርሃን ልጅ ግን ብሩን ይዞ ጌም ቤት ይገባል፤ ሣጥኑ ያለው ከባለቤቱ ዘንድ ስለሆነ ቁጥሩን አባት አያየውም። አንዲት እናት ገብታ ከልጅዋ አጠገብ ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ ልጁ ወዲያው ተኩሱን በኳስ ጨዋታ አስለወጠ።