ጂሆ፡ የሰዓት አዋጅ

«ጂሆ» የጃፓን ቃል ነው። «ጂ» ጊዜ፣ «ሆ» ማሳወቅ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ሰዓትን በድምፅ ለሕዝብ ማወጅን ያመለክታሉ። በጋዜጣና በመጽሔት ስም ላይ ሲገኝ ግን ፍቺው ወቅታዊ ዜና ነው።

ቶኪዮ ኤዶ በምትባልበት ዘመን ሰዓት የሚነገረው በደወል ነበር። ቀኑም ሌሊቱም ለየብቻ ስድስት ቦታ ስለሚከፈል፣ ቀኑ ሲረዝም የቀኑ ሰዓትም አብሮ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1871 በቀድሞው የኤዶ ቤተ መንግሥት ግቢ እኩለ ቀን ላይ መድፍ መተኮስ ተጀመረ፤ ሕዝቡም ከድምፁ ተነስቶ «ዶን» አለው። በ1929 መድፉ ለሳይረን ቦታውን ለቀቀ። ሬዲዮ በ1925፣ የስልክ ሰዓት ነጋሪ ደግሞ በ1955 መጥተዋል።

ዛሬ ሁሉም ሰው ሰዓቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሆኖም በብዙ የጃፓን ከተሞችና መንደሮች አመሻሹ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ፣ ከምሰሶ ላይ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ዜማ ይሰማል። ቶሎ በሚመሽበት ወቅት 10 ሰዓት ተኩል የሚያደርጉትም አሉ። «ዩያኬ ኮያኬ» የተባለው የልጆች መዝሙር የተለመደ ነው፤ የድቮርዣክን ሙዚቃ የሚያሰሙም አሉ። ተራው ሰው «ጎጂ ኖ ቻይሙ» ይለዋል፤ የአምስት ሰዓት ደወል ማለት ነው። (የእነሱ «ጎጂ» አምስት ሰዓት እንጂ የእኛው ጎጂ አይደለም።)

ጎጂ የሚሉት ግን አልጠፉም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው፣ ሕፃን ያስተኛች እናት አቤቱታ ያቀርባሉ። የሕግ ሰው እንደመሆኔ ጥያቄው ይገባኛል፤ ማዘጋጃ ቤት ሳይጠየቅ በየቀኑ ቤቴ ድረስ ድምፅ የሚልክበት ሥልጣን ከየት መጣ? መልሱ ዜማው ውስጥ አይገኝም። ልጆችን ወደ ቤት መጥራቱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ማጉያዎቹ የማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ መከላከያ ሬዲዮ አካል መሆናቸው ነው። ዜማው በየዕለቱ ሲሰማ መሣሪያው ይፈተሻል። አንድ ቀን ከቀረ ነዋሪው ራሱ ብልሽቱን ያውቃል።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ሱናሚ ባስከተለ ጊዜ፣ በሚናሚሳንሪኩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ውኃው ሕንፃቸውን እስኪውጥ ድረስ «ወደ ከፍታ ሽሹ» እያሉ በነዚሁ ማጉያዎች ሲጣሩ ነበር። በሌሎች አንዳንድ ቦታዎች ግን ማጉያዎቹ መብራት ጠፍቶ ወይም ማዕበሉ ጠርጓቸው ዝም ብለዋል።