ኮምፒውተርን ሳያጠፉ ለረጅም ሰዓት ማሠራት፦ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው ወይስ ሌላ?

ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ጨምሮ ሳይጠፋ ቢሠራ ይበላሻል ወይ? ጥያቄውን ኮፒ ቤት ያላቸው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ በኦንላይን የሚማሩና የሚያስተምሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጻፍ ላይ ያሉ ተማሪዎችም ያነሱታል። አጭሩ መልስ፣ ሰዓቱ ብቻውን ብዙም አይጎዳውም የሚል ነው። የሚጎዱት ሙቀት፣ አቧራ፣ የሚዋዥቅ መብራትና፣ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ባትሪ ናቸው። ረጅም ሰዓት መሥራት የእነዚህን ጉዳት ያፈጥነዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑን ሰርቨሮች ናቸው። ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ሰርቨሮች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ሳይጠፉ ይሠራሉ። ለረጅም ሥራ ታስበው የተሠሩ ቢሆኑም በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰርና ሚሞሪ በመሠረታዊ አሠራሩ ከቤታችን ኮምፒውተር ብዙም አይርቅም። ትልቁ ልዩነት ያሉበት ክፍል ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ አቧራው ይጣራል፣ መብራት ቢሄድ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ይተካል። የእኛ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው ፍራሽ ላይ ነው።

ስለ ሙቀት

ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 100 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ክፍሉን የሚያሞቀው የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል የሚያሞቀውን ያህል ነው። ይህን ሙቀት የሚያወጣው ፋኑ ነው። የፋኑ መንገድ ከተዘጋ ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀማል።

አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የውስጥ ሙቀታቸው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ፈጥኖ ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ከማስደረግ በፊት የፋኑን መውጫ በእጅ መዳሰስ ይሻላል። አየሩ በደካማው የሚወጣ ከሆነ ወይም ጨርሶ የማይወጣ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ በዚህ መንገድ ራሱን ቢያድንም አጠገቡ ያሉት ክፍሎች ይህ ዕድል የላቸውም። በኃይል ሰጪው (ፓወር ሰፕላይ) ውስጥ የሚገኙት ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች ዕድሜያቸው በሙቀት ይለካል። በዘርፉ በሚሠራበት ግምት መሠረት ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአገልግሎት ዘመናቸው በግማሽ ይቀንሳል። ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ዴስክቶፕ አንድ ቀን አልነሳም ሲል ከጀርባው ይህ ሊኖር ይችላል።

አዲስ አበባ ብርዳማ ከተማ ናትና ሙቀት አያሳስብም የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። በደጋ ከተማ መስኮቱ የተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሦስትና አራት ኮምፒውተርና ኮፒ ማሽን በአንድነት ሲሠሩ ቅዝቃዜው የሚረዳው ነገር ይቀንሳል። እንደ ሰመራ ባሉ ቆላማ ከተሞች፣ እንዲሁም በጅዳና በዱባይ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ችግሩ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ነው። ብዙ አምራቾች ላፕቶፕ እንዲሠራ የሚመክሩት የአካባቢው አየር ከ35 ዲግሪ ሳያልፍ ነው። በእነዚህ ቦታዎች በሞቃቱ ወራት ቀትር ላይ ያለ ኤሲ ከባድ ሥራ ማሠራት አይመከርም፤ ቪዲዮ ማቀናበርን የመሰለውን ሥራ ወደ ማታ ወይም ወደ ንጋት መግፋት ይሻላል።

አብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሥራቸው ነው። አረቢያን መጅሊስ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጡ ጨርቁ መሳቢያውን ይደፍነዋል። መጅሊስ ላይ ተቀምጦ መሥራት የሚመርጥ ሰው ከሥሩ ትሪ ወይም ጣውላ ማድረግ ይበቃዋል። ጠረጴዛ ላይም ቢሆን የኋላውን ጠርዝ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ለውጥ ያመጣል፤ ለዚህ ውድ ማቀዝቀዣ መግዛት ግድ አይደለም።

አቧራን በተመለከተ፣ በመምህርነት ዓመታታችን ካየናቸው የኮምፒውተር ክፍሎች ቶሎ የሚበላሹት ማሽኖች ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የነበሩት ናቸው። የጠመኔ ብናኝ የፋኑን መውጫ እንደ ስሜንቶ ይደፍነዋል። በየስድስት ወሩ አጥፍቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ ማጽዳት በቂ ነው። በአየር ሲነፋ ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በእንጨት ነገር ያዝ ማድረግ ያስፈልጋል።

ባትሪና ቻርጀር

ቻርጀሩ እንደተሰካ ሲውል ባትሪው "ከልክ በላይ ይሞላል" የሚለው ትክክል አይደለም። ሲሞላ መቆጣጠሪያው መሙላቱን ያቆማል። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ የሊቲየም አዮን ባትሪ እስከ ጫፍ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቶሎ ያረጃል። ለዚህ ነው ሌኖቮ፣ ዴል፣ ኤችፒ፣ አሱስና አፕል በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ መሙላቱን 80 በመቶ አካባቢ የሚገታ ምርጫ ያስገቡት። ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ይህን ምርጫ ማብራት ጥሩ ነው። እርግጥ ነው፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያቺ 20 በመቶ ታስፈልጋለች። መብራት ይጠፋል ተብሎ በሚጠበቅበት ቀን እስከ 100 ሞልቶ፣ በሌላው ቀን ወደ 80 መመለስ ነው የእኛ ምርጫ።

"በየጊዜው እስከ ዜሮ ጨርሰው ይሙሉ" የሚለው ምክር የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ቅርስ ነው። ለዛሬዎቹ ባትሪዎች አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ፣ የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወዲያው ማጥፋት፣ ከቻርጀር መንቀል፣ ሳይጫኑና ሳይወጉ ከልጆች አርቆ ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። "ትንሽ ነው፣ ይሠራል" ብሎ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አስቀምጦ መተኛት ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ላፕቶፕ በውስጡ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራው አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ግን በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። አሁን ያሉት ሃርድ ዲስኮች ኃይል ሲቋረጥ የሚያነብበውን ጫፍ ራሳቸው ወደ ቦታው ይመልሳሉ፤ በብዛት የሚጎዳው በዚያች ሰከንድ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። የዓመት የሒሳብ መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ፋይል ብቻ የያዘ ሰው የሚያጣው ከኮምፒውተሩ ዋጋ በላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ፣ በየቀኑ ማታ።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ የተለያዩ ናቸው። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ለማስጠጋት ይሞክራል፤ መብራት ሲሄድ ግን ምንም አይሰጥም። ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል፤ እነዚህ ደቂቃዎች ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ናቸው። በውስጡ ያለው ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይደክማል። ለመፈተን ሥራዎን ካስቀመጡ በኋላ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ ማየት ነው። ለኮፒ ቤቶች ደግሞ፣ ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ዩፒኤሱን ያስጨንቀዋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል።

መብራት ሲመለስ ኃይሉ ሳይረጋጋ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ሲሄድ ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

ሶፍትዌሩም ይደክማል

አንዳንድ ፕሮግራሞች የወሰዱትን ሚሞሪ አይመልሱም፤ በቀናት ውስጥ ይጠራቀምና ኮምፒውተሩ ይከብደዋል። ዊንዶውስ 95 እና 98 የሚሊ ሰከንድ ቆጣሪያቸው ስለሚሞላ ከ49.7 ቀን ተከታታይ ሥራ በኋላ ይቆሙ ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም፣ ሆኖም በሳምንት አንዴ ሪስታርት ማድረግ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ከ2012ቱ (እ.ኤ.አ) ዊንዶውስ 8 ጀምሮ "ፈጣን አነሳስ" የሚባለው አሠራር ሲበራ፣ ሻት ዳውን ሲደረግ የሲስተሙ ዋና ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንደነበረ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ አዲስ የሚጀምረው በሪስታርት ነው። በየማታው እያጠፋሁ ለምን ይከብደዋል ለሚል ሰው መልሱ አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

ሌሊት ማጥፋት ወይስ ማሳደር?

ሥራ ከሌለው ማጥፋት ወይም ሃይበርኔት ማድረግ። 100 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ 24 ሰዓት ከሠራ በቀን 2.4፣ በ30 ቀን 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ማውረድ ወይም ቪዲዮ ማውጣት ካለ ስክሪኑን አጥፍቶ ማሳደር ይቻላል። ለምግብ ወይም ለሰላት ሲነሱ ስሊፕ ይበቃል፤ ስሊፕ ሥራውን ሚሞሪ ላይ ስለሚያቆይ ጥቂት ኃይል ይወስዳል፣ ሃይበርኔት ግን ዲስክ ላይ ስለሚጽፈው መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ግን ክዳኑን መክደን ብቻውን በቂ አይደለም። አንዳንዴ ራሱን ቀስቅሶ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይሠራል፣ ሲከፈትም እንደ ምጣድ ግሎ ይገኛል። ከመንቀሳቀስ በፊት ሃይበርኔት አድርጎ መብራቷ መጥፋቷን ማየት ነው።